አረሩ ሩቅ ላይ ይከፈታል ወይ? የአደን ርቀታችሁን በአረሩ ፍጥነት የምትወስኑበት ዝርዝር መመሪያ

ስለ ሩቅ ተኩስ ሲወራ ብዙው ወሬ ስለ መምታት ነው። ስኮፑ፣ ነፋሱ፣ የጠመንጃው እግር። አረሩ እንስሳው ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ይዘለላል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው። የአደን አረር የተሠራው ሲመታ እንዲከፈት ነው። ካልተከፈተ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ያልፋል። እንስሳው በተበሳ ሳንባ ሸንተረር አቋርጦ ይሄድና ማንም ሳያገኘው ተሠቃይቶ ይሞታል። ሥጋውም ለአሞራ ይቀራል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድ ነገር ላይ ያተኩራል። የያዛችሁት አረር እስከ ስንት ርቀት ድረስ በትክክል እንደሚከፈት ማወቅና ከዚያ በላይ አለመተኮስ።

ምሳሌዎቼን ከአሜሪካ፣ በተለይ ከኮሎራዶ እወስዳለሁ። ሜዳውና ተራራው ለሩቅ ተኩስ የሚጋብዝ ነው፤ ዴንቨርና አውሮራ ደግሞ የእኛ ሰው በብዛት ይኖራል፣ ወደ አደን የሚወጣም አለ። ከዚህ በታች ጥይት ስል ሙሉውን፣ ቀለሁንና ባሩዱን ጨምሬ ነው። አረር ስል ከአፈሙዙ የሚወጣውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ አረሩ ሲመታ ምን እንደሚሆን ተረዱ

የእንስሳ አካል ብዙው ውሃ ነው። አረሩ በከፍተኛ ፍጥነት ሲገባ እርጥቡ ሥጋ ከፊቱ ቶሎ መሸሽ አይችልም። ግፊቱ የአረሩን ጫፍ ይጫነዋል፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ካለም ውስጡ ገብቶ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ያን ጊዜ ጫፉ ይፈነዳና ወደ ኋላ ተገልብጦ እንደ እንጉዳይ ይሰፋል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ውስጥ ነው። ጫፉ ላይ የምታዩት ባለቀለም ፕላስቲክ ሁለት ሥራ አለው። በአየር ላይ አረሩ ሹል ሆኖ ፍጥነቱን እንዲጠብቅ ይረዳል፣ ሲመታ ደግሞ ወደ ኋላ ተገፍቶ መከፈቱን ያስጀምራል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግፊት የሚመጣው ከፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ርቀት አረሩን የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው። 50 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ላይ በደንብ የሚከፈተው አረር 600 ያርድ ላይ ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል። አረሩ ያው ነው፤ ሲደርስ የቀረው ጉልበት ግን አንድ አይደለም።

ብዙ ሰው ሚዳቋና አጋዘን ለመሰለ እንስሳ 1,000 ፉት ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው)፣ ለኤልክ፣ ማለትም ለትልቁ የአሜሪካ አጋዘን፣ ደግሞ 1,500 ይበቃል የሚለውን የቆየ ልማድ ይጠቅሳል። ይህ የጉልበት ቁጥር ስለ መከፈት ምንም አይነግራችሁም። ከባድ አረር ቀስ ብሎ እየሄደም ብዙ ጉልበት ሊይዝ ይችላል፣ ግን ላይከፈት ይችላል። እኔ የምመለከተው የሚመታበትን ፍጥነት ነው።

1ኛ፦ ሕጉን አጣሩ

ኮሎራዶ ውስጥ ለትልቅ እንስሳ በጠመንጃ ስታድኑ አረሩ የሚከፈት ዓይነት መሆኑ ግዴታ ነው። ውፍረቱ ከ.24 ካሊበር (በኢንች የሚለካ ነው) ማነስ የለበትም። ክብደቱ ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ)፣ ለኤልክና ከሱም ለሚበልጠው ለሙስ ቢያንስ 85 ግሬን ነው። ፋብሪካው ባወጣው መረጃም 100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ከጃንዋሪ 1፣ 1949 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል።

ካሊፎርኒያ ከሄዳችሁ ከጁላይ 2019 ወዲህ በእርሳስ አረር ማደን ጨርሶ ክልክል ነው፤ መዳብ ወይም ሌላ ከእርሳስ ነጻ የሆነ አረር ትይዛላችሁ። አሜሪካ በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ የመሣሪያ ሕጉ ለእናንተ የተለየ ስለሆነ ጠመንጃ ከመንካታችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ። ይህን ቸል አትበሉ።

2ኛ፦ የያዛችሁትን አረር ዓይነት እወቁ

ሳጥኑን አንብቡ። ዓይነቱ ብዙ ነው፣ በጥቅሉ ግን እንዲህ ይከፈላል።

ተራው አረር በመዳብ ሽፋን ውስጥ እርሳስ ያለው ነው። ርካሽ ነው፣ በመካከለኛ ርቀት ጥሩ ይከፈታል። ቅርብ ላይ አጥንት ሲመታ ግን ሽፋኑና እርሳሱ ሊለያዩ ይችላሉ፣ ያኔ ጥልቀት ያጣል።

ሽፋኑ ከእርሳሱ ጋር የተበየደ ዓይነትም አለ። አጥንት ቢመታም አይበታተንም። ኖስለር የሚባለው ፋብሪካ የሚሠራው አኩቦንድ እዚህ ይመደባል። ከሱ ቀደም ብሎ የመጣው ፓርቲሽን ከ1948 ጀምሮ የሚሸጥ ነው፤ መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ አለው፣ ፊቱ ይከፈታል፣ ኋላው ሳይነካ ዘልቆ ይገባል። ለእኔ ግሩም ሐሳብ ነው፣ እስካሁን ድረስ የሚሸጠውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሙሉ መዳብ የሆነው፣ ለምሳሌ የባርነስ፣ ክብደቱን ሳይጥል በጥልቀት ይገባል። ቅርብና መካከለኛ ርቀት ላይ በጣም አስተማማኝ ነው። ነገር ግን መዳብ ከእርሳስ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ለመከፈት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። በመዳብ የምታድኑ ከሆነ ርቀታችሁን ከሌላው ሰው ቀድማችሁ ማጠር አለባችሁ።

በመጨረሻ ለሩቅ ተብለው የተሠሩ አሉ። ጫፋቸው ቀጭንና ለስላሳ ነው፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም ይከፈታሉ። የሆርናዲ ኢኤልዲ-ኤክስ የዚህ ወገን ነው፣ የኖስለር አኩቦንድ ሎንግ ሬንጅም እንደዚሁ። ጉዳታቸው የሚታየው ቅርብ ላይ ነው። 40 ያርድ ላይ ወርች ብትመቱበት ክብደቱን ብዙ ይጥላል፣ ሥጋም ያበላሻል።

ለኢላማ ውድድር የተሠራ አረር ለአደን አትያዙ። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ የቀረችው ከአሠራሩ ነው፣ ለመክፈት ታስባ አይደለም። አንዴ ይፈነዳል፣ አንዴ ዝም ብሎ ያልፋል። እንዲህ ዓይነት ዕድል በሕይወት ባለ ፍጡር ላይ መሞከር ትክክል አይደለም።

አሁን ከፋብሪካው ድረ ገጽ አንድ ቁጥር ፈልጉ፦ አረሩ የሚከፈትበት ዝቅተኛ ፍጥነት። ለብዙ የእርሳስ አረር ወደ 1,800 ጫማ በሰከንድ ነው። ለመዳብ፣ ፋብሪካው ዝቅ ያለ ቁጥር ቢጽፍም፣ እኔ 2,000ን እንደ ወለል፣ ማለትም እንደ ዝቅተኛ ወሰን፣ እወስዳለሁ። አኩቦንድ ሎንግ ሬንጅ እስከ 1,300 ድረስ እንደሚከፈት ፋብሪካው ይገልጻል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፋብሪካው «ይከፈታል» ሲል ጫፉ ትንሽ መገልበጡንም ሊጨምር ይችላል። ወለሉ ላይ በደንብ ሰፍቶ ሰፊ ቁስል ያደርጋል ማለት አይደለም። ስለዚህ በተጻፈው ላይ 150 ጫማ በሰከንድ ጨምሩበት። 1,800 ከሆነ የእናንተ ወለል 1,950 ነው።

3ኛ፦ የራሳችሁን ጠመንጃ ፍጥነት ለኩ

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ብዙ ጊዜ በ24 ኢንች አፈሙዝ የተለካ ነው። የእናንተ 20 ኢንች ከሆነ በእያንዳንዱ ኢንች ከ20 እስከ 30 ጫማ በሰከንድ ይቀንሳል። በድምሩ ወደ 100 ገደማ ማለት ነው። 100 ጫማ ትንሽ ይመስላል። ስሌቱ ላይ ግን 70 ያርድ ያህል ይወስድባችኋል።

ስለዚህ ክሮኖግራፍ የሚባለውን የአረር ፍጥነት መለኪያ ተጠቀሙ። አሁን በራዳር የሚሠሩ ከስልክ ብዙም የማይበልጡ አሉ፣ ከጠመንጃው አጠገብ አስቀምጦ መተኮስ ብቻ ነው። መግዛት ካልፈለጋችሁ መተኮሻ ሜዳ ላይ ካለው ሰው ተዋሱ፤ እዚያ ያሉ ሰዎች ስለ መሣሪያቸው ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ለአደን በምትይዙት ጥይት 10 ያህል ተኩሱና አማካዩን ጻፉ። ከተቻለ በብርድ ቀን ለኩ። ብዙ ባሩድ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የኖቬምበር ጠዋት ደግሞ የጁላይ ከሰዓት አይደለም።

4ኛ፦ ፍጥነቱ የት ላይ ወለሉን እንደሚነካ አስሉ

የባሊስቲክ ስሌት መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ነጻ የሆኑ አሉ። የለካችሁትን ፍጥነት፣ የአረሩን ክብደትና ቢሲ የሚባለውን ቁጥር አስገቡ። ቢሲ አረሩ አየርን እንዴት እንደሚቆርጥ የሚገልጽ ነው። ሁለት ዓይነት አለው፣ ጂ1 እና ጂ7። የአንዱን ቁጥር በሌላው ቦታ ካስገባችሁ ስሌቱ በሙሉ ውሸት ይሆናል። ለምሳሌ 143 ግሬን የሆነው የ6.5 ሚሊሜትር ኢኤልዲ-ኤክስ በጂ1 0.625፣ በጂ7 0.315 ነው። ልዩነቱን ታያላችሁ።

ሁለት ጥይት እናወዳድር። ቁጥሮቹ በባሕር ወለል ከፍታ የተሰሉ ግምቶች ናቸው፣ በጫማ በሰከንድ።

6.5 ክሪድሞር፣ 143 ግሬን ኢኤልዲ-ኤክስ፦ ሲወጣ 2,700። በ200 ያርድ 2,420። በ300 ያርድ 2,285። በ400 ያርድ 2,155። በ500 ያርድ 2,030።

.308 ዊንቸስተር፣ 150 ግሬን ተራ አረር፦ ሲወጣ 2,820። በ200 ያርድ 2,260። በ300 ያርድ 2,010። በ400 ያርድ 1,775። በ500 ያርድ 1,560።

ሁለተኛው ሲወጣ ፈጣኑ ነው። 200 ያርድ ላይ ግን ተበልጧል፣ 400 ላይ ደግሞ ከ1,800 በታች ወርዷል። ቀጭንና ረጅም የሆነው አረር አየር ላይ ፍጥነቱን ስለሚጠብቅ ነው። 1,950ን ወለል ብናደርግ ክሪድሞሩ ወደ 560 ያርድ ይደርሳል፣ .308ቱ ከ330 ያርድ አያልፍም። ያው ክሪድሞር በ20 ኢንች አፈሙዝ ከሆነ ከ500 ያርድ በታች ይወርዳል። አንድ ጓደኛችሁ «በ.308 600 ያርድ ላይ አገባለሁ» ቢላችሁ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ብረት ኢላማ ላይ ይደውላል። ብረት ለመደወል አረር እንዲከፈት አይጠይቅም።

5ኛ፦ ከፍታውን ጨምሩበት

ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፣ አረሩም ፍጥነቱን ይበልጥ ይጠብቃል። ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የሚታደንበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከ8,000 ጫማ በላይ ነው። 9,000 ጫማ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው 560 ያርድ እዚያ ከ100 ያርድ በላይ ይረዝማል። አገር ቤትም ተመሳሳይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኘው ደጋ አጋዘን የሚኖረው በባሌና በአርሲ ተራሮች ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ። ፈቃድ ይዞ የሚያድነው ሰው ከሸለቆ ማዶ መተኮስ ሊገጥመው ይችላል። አየሩ ይረዳዋል፣ ርቀቱ ግን ያው ርቀት ነው።

መተግበሪያው ላይ ከፍታውንና ሙቀቱን አስገቡና አዲሱን ቁጥር ተመልከቱ። እኔ ግን በዝቅተኛው ስፍራ የወጣውን ቁጥር እንድትይዙ እመክራለሁ። ተራራው የሰጣችሁ ትርፍ መጠባበቂያ ይሁን።

6ኛ፦ ፈትሹት

ስሌት ጥሩ ነው፣ ማየት ይበልጣል። ባለሙያዎች የሚፈትሹት በ10 በመቶ ጄላቲን ነው፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቀዝቅዘው። ቤት ውስጥ ይህን ማዘጋጀት አስቸጋሪ ነው። የወተት ጋሎን ፕላስቲክ ግን ሁሉም ቤት አለ።

አምስት ስድስት ጋሎን ውሃ ሙሉና አንዱን ከሌላው ኋላ አስጠግታችሁ ደርድሩ። ከኋላቸው አስተማማኝ የአፈር ግንብ መኖር አለበት። ሜዳው የሚፈቅድ መሆኑንም ጠይቁ። ከዚያ ልታድኑበት ባሰባችሁት የመጨረሻ ርቀት ላይ ሆናችሁ ተኩሱ። አረሩ ከአንዱ ጋሎን ውስጥ ይገኛል። ከመጀመሪያው ውፍረቱ አንድ ተኩል እጥፍና ከዚያ በላይ ሰፍቶ ከሆነ ጥሩ ነው። ጫፉ ብቻ ትንሽ ተጠምዞ ከሆነ ርቀታችሁን አሳጥሩ።

አንድ ነገር አስተውሉ። ውሃ ከሥጋ ይልቅ አረርን በኃይል ይከፍታል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ያልተከፈተ አረር እንስሳ ውስጥ አይከፈትም። የተከፈተው ግን ሳንባ ላይ ያንኑ ያህል ይሰፋል ብላችሁ አትተማመኑ።

ሩቅ ተኩስን ለመምሰል ባሩድ ቀንሶ ቅርብ ላይ መተኮስ የሚሞክሩ አሉ። ሁለት ችግር አለው። አረሩ ሲሽከረከር የሚኖረው ፍጥነት ስለሚቀንስ ውጤቱ ከእውነተኛው ይለያል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ከታተመው መጠን በታች ሲሞላ አደገኛ ነው፣ ጠመንጃ ሊያፈነዳ ይችላል። አትሞክሩት።

አረሩን የሚያሽከረክረውን የአፈሙዙን የውስጥ ጥምዝም ተመልከቱ። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል አንድ ዓይነት ክብደት ያለው የመዳብ አረር ይረዝማል፣ ረጅም አረር ደግሞ ፈጠን ያለ ጥምዝ ይፈልጋል። ጥምዙ ካልበቃው አረሩ ዘንበል ብሎ ሊመታ ይችላል። ዘንበል ብሎ የመታ አረር በአግባቡ አይከፈትም።

7ኛ፦ የእናንተን ወሰን አስቀምጡ

አሁን የአረሩን ወሰን አውቃችኋል። የእናንተስ? የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከ8 እስከ 10 ኢንች ያህል ስፋት አለው። አንድ የወረቀት ሳህን 8 ኢንች አካባቢ ነው። ሳህኑን ግንቡ ላይ ለጥፉና እንደ አደኑ ሁኑ፦ ተኝታችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ቦርሳ ላይ ተደግፋችሁ፣ ትንፋሻችሁ ገና ሳይረጋጋ። ከጠረጴዛ ላይ የሚተኮሰው አይቆጠርም። በቀዝቃዛ አፈሙዝ የመጀመሪያዋ ተኩስ፣ በተለያየ ቀን፣ ሁልጊዜ ሳህኑ ውስጥ የምትገባበት ርቀት የእናንተ ወሰን ነው። ለብዙ ሰው 300 ያርድ አይሞላም። ምንም ነውር የለውም።

ነፋስ ይህን ወሰን ይበልጥ ያጠብበዋል። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ የክሪድሞሩን አረር 500 ያርድ ላይ ከአንድ ጫማ በላይ ይገፋዋል። የነፋሱን ግምት በግማሽ ከተሳሳታችሁ ሳንባ የነበረው ጨጓራ ይሆናል። ጊዜም አለ። አረሩ እዚያ ለመድረስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይወስዳል፣ እንስሳው በዚያ ጊዜ አንድ እርምጃ ከሄደ በቂ ነው።

ከሁለቱ ወሰኖች አጭሩን ያዙ። ቁጥሩን በቴፕ ሰደፉ ላይ ለጥፉት። ትልቅ ቀንድ ያለው ኤልክ ፊታችሁ ሲቆም ሰው ከራሱ ጋር መደራደር ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ተጽፎ የሚታይ ቁጥር ይረዳል። ከቁጥሩ በላይ ከሆነ ቅረቡ። ካልቀረባችሁም ተዉት።

8ኛ፦ የት እንደምትመቱ በፍጥነቱ ወስኑ

ቅርብ ከሆነና አረራችሁ ለስላሳ ከሆነ ትከሻውን ተዉት። ከፊት እግሩ ኋላ ጎድኑ ላይ፣ ሳንባውን ፈልጉ። አረሩ አጥንት ላይ አይፈነዳም፣ ወርቹም ይተርፋል። ሩቅ ላይ፣ ወደ ወለሉ የቀረበ ፍጥነት ሲኖር፣ በተለይ በመዳብ፣ ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ የትከሻውን ጡንቻ መምታት ጥቅም አለው። ወፍራሙ ሥጋ አረሩን ይበልጥ ይቋቋመዋል፣ በዚያው ይከፍተዋል። ቀጭን ጎድንና አየር የሞላው ሳንባ ግን ለቀሰስተኛ አረር በቂ መቋቋም ላይሆን ይችላል። እንስሳው በጎኑ ካልቆመ ጠብቁ። ሰያፍ ከቆመ ሩቅ ላይ አትተኩሱበት።

9ኛ፦ ከተኮሳችሁ በኋላ

ከመነሳታችሁ በፊት እንስሳው የነበረበትን ቦታ በድንጋይ ወይም በዛፍ ምልክት ያዙ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ሸለቆ ተሻግራችሁ ስትደርሱ ሁሉም ቁጥቋጦ አንድ ይመስላል። ያልተከፈተ አረር የበሳው እንስሳ ምንም ሳይደነግጥ ሊሄድ ስለሚችል «ስቼዋለሁ» ብላችሁ አትመለሱ። ሁልጊዜ ሄዳችሁ ደምና ፀጉር ፈልጉ። ካልወደቀ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁና ተከተሉት። ሮዝ መልክ ያለው አረፋማ ደም ሳንባ ነው። አረንጓዴ ነገር የተቀላቀለበት ከሆነ አንጀት ወይም ጨጓራ ተመቷል፤ ለሰዓታት ጠብቁ፣ ቶሎ ከተከተላችሁት ይርቃል።

10ኛ፦ ቁስሉን አንብቡና መዝግቡ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ ትልቁ ትምህርት ግን እዚህ ነው። ስትገፍፉ መግቢያውን፣ መውጫውን፣ በመሐል ያለውን መንገድ ተመልከቱ። ሳንባው በሰፊው ተቦጫጭቆ ከሆነ አረሩ ሠርቷል። የመጻፊያ እርሳስ የሚያስገባ ያህል ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ካለና መውጫውም እንደ መግቢያው ከሆነ አልተከፈተም፣ እንስሳው ቢወድቅም። አረሩ ብዙ ጊዜ በማዶ በኩል ከቆዳው ሥር ይገኛል። አውጡት፣ እጠቡት፣ መዝኑት። ርቀቱን፣ የተሰላውን የመምቻ ፍጥነት፣ የመታበትን ቦታና የተረፈውን ክብደት አንድ መስመር ላይ ጻፉ። ሁለት ሦስት እንስሳ ከተመዘገበ በኋላ ከማንኛውም ሳጥን የተሻለ መረጃ በእጃችሁ አለ።

ሥጋውን በተመለከተ፣ የእርሳስ አረር ሲከፈት በዓይን የማይታይ ፍርፋሪ ከቁስሉ ርቆ ይሄዳል። በ2008 ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ለችግረኞች የተሰጠ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ቅንጣት ተገኝቶ ማከፋፈያዎቹ እንዲያስወግዱት ተነግሯቸው ነበር። ስለዚህ በቁስሉ ዙሪያ የደማውንና የጠቆረውን በሙሉ፣ ከዚያም አልፎ ደህና የሚመስለውን ሥጋ በልግስና ቆርጣችሁ ጣሉ። ማጠብ አይበቃም፣ ፍርፋሪውን ያሰራጨዋል። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር የሚቀርብ ከሆነ ከቁስሉ የራቀውን የኋላ እግር ስጡ፣ ወይም ከመጀመሪያው በመዳብ አድኑና ርቀታችሁን በዚያው ልክ አሳጥሩ።